በሰው እግር የሄደ ጤና

ቀስ ብለው ይግቡ ማዱቤ፣ ደፉ ላይ ዘይት ተንጠባጥቧል፤ ነጭ ጫማዎ እንዳይነካብኝ። እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ አሁን ነው የወለወልኳት። ይቺን ድንች ከዘይቱ ላውጣና ሙሉ ጆሮዬን እሰጥዎታለሁ።

ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? የዘንድሮ ሐምሌ እኮ ሰፈራችንን ቴምቢሳን አጥንቷ ድረስ ነው የገባው። ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ብል ቧንቧው በረዶ ሠርቶ እምቢ አለኝ። እኔማ ደግነቱ ከእሳት ጋር ነው የምውለው። ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሿ አሁንም መዝሙር ላይ ናት? ... ጎሽ። ድምጿ በእርስዎ ነው የወጣው።

መኪናው ውስጥ የተቀመጡት ባለቤትዎ ናቸው አይደል? ይኸው በመስኮቱ ይታዩኛል። ምነው አልወረዱም? ... ገባኝ፣ ገባኝ። ሐኪም ሰው እንዴት ብለው እኔ ቬሊ ኮታ የምሸጥበት ቤት ይገባሉ? ሰውስ ምን ይላል? እዚያው ይሁኑ። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ግን ጥሩ ነበር... ነፋስ እንዲገባላቸው ብዬ ነው።

ትናንት ማክሰኞ በሬዲዮ ሰማኋቸው። እኔ አንድ ማክሰኞ አያመልጠኝም፤ ድንች እየከተፍኩ ነው የምሰማቸው። አፍ ሰጥቷቸዋል መቼም። «ከአንድ ኮታ ውስጥ ያለው ዘይት ተጨምቆ ቢወጣ አንድ ፋኖስ ሳምንት ያበራል» አሉ። እኔ ራሴ ለኮታው ሩብ ዳቦውን ቦርቡሬ፣ ድንቹን ጠቅጥቄ፣ በላዩ ቋሊማ፣ በላዩ አይብ፣ በላዩ በቅመም የተዘፈዘፈውን የማንጎ አቻር ሳፈስ ፋኖሱ በዓይኔ መጣ። ስለ ስልኩማ ያሉት ይብሳል። «ስክሪን ላይ የተተከለ ዓይን እግርን ያስተኛል፤ ማታ ማታ ስልካችሁን ቅርጫት ውስጥ አኑሩ፣ ጠዋት ጠዋት እግራችሁን ከቤት አውጡ» አሉ። ይኸንኑ በሰፈሩ ግሩፕ ላይ ደግሞ በድምፅ ላኩት። አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት፣ ማዱቤ። ሰዉ ስልክ አትዩ የሚለውን ምክር ሰምቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዋለ። ምክር መስማት ማለት ይኸ አይደል?

የጠሯቸውን ኮታ ቤቶችም ቆጠርኩ። ከድልድዩ ሥር ያለውን ጠሩ፣ ከታክሲ ተራው ጎን ያለውን ጠሩ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለችውን ምስኪን ሴትዮ እንኳ አልማሯትም። የእኔን ግን ዘለሉት። ደንበኞቼ ምን እንዳሉ ልንገርዎት? ዶክተሩ ያልጠሩት ኮታ የጤና ኮታ ነው ብለው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ። እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል?

ይኸው ድንቹ ወጣ። አሁን ጆሮዬ ሙሉ ነው፣ ይንገሩኝ።

... ነገ ሐሙስ። ... ቀይዋን ጃኬት። ... አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በፌስታል ይዛ ትምጣ። ለብሳ አይደለም፣ ይዛ። ... ሰማሁ ማዱቤ።

እኔ ምን እላለሁ? የቤተ ክርስቲያኑ የሐሙስ እናቶች ማኅበር መሪ እርስዎ ነዎት፤ ያለበሰ እጅ ማውለቅ አያቅተውም። ኖማሶንቶ እህቴ ያቺን ጃኬት ለመልበስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ስትመላለስ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስታዳምጥ፣ የታመመ ስትጠይቅ ያዩዋት እርስዎ ነዎት። አንገቷ ሥር ያለችውን ቁልፍ በእጅዎ የቆለፉላትም እርስዎ ነዎት። ባሏን ከቀበርን ወዲህ ይቺ ልጅ ሌላ ምን አላት? ነገ በእናቶች ሁሉ ፊት ባዶ ትከሻዋን ይዛ ከወጣች፣ አርብ በዚህ መንገድ ላይ ማን ሰላም ይላታል? ... ግን ይኸን ለእርስዎ መንገር ለቄስ ዳዊት ማስቆጠር ነው። ተውኩት።

ምክንያቱንም አልጠይቅዎትም። ምክንያቱንማ ከትናንት ጀምሮ የተሰለፈው ሁሉ በየተራ ነግሮኛል። እንዲያው እጄ ሥራ ይዞ አፌ ሥራ ከፈታ ድንቹ ያርርብኛልና አንድ ጨዋታ ላጫውትዎት። ይቸኩላሉ? ... አይቸኩሉም። ደግ።

ነገሩ ከወንዙ ማዶ ነው። እዚህ አይደለም፤ እዚህ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? የሰውየውን ስም ብቻ አይጠይቁኝ። ስሙን በአፌ ላልጠራ በእናቴ መቃብር ምያለሁ፣ መሐላ ደግሞ እበላለሁ ብል ሆዴ አይችለውም። አንቱ ባልለውም ይቅር ይበሉኝ፤ የማናውቀውን ሰው አንቱ ማለት ምላስ ያደክማል።

ይኸ ሰውዬ የተማረ ነው፣ መካሪ ነው። ጠዋት ሲመክር፣ ቀን ሲመክር፣ ማታ ሲመክር፣ አገሩ ሁሉ ከምክሩ የተነሳ ሊከሳ ምንም አልቀረውም። እሱ ብቻ፣ እግዜር ይጠብቀውና፣ አልከሳም። ሻማ ለሌላው ሲያበራ እሱ ያልቃል ይባል የለ? ይኸኛው ሻማ ባበራ ቁጥር ነው የሚወፍረው።

አንድ ቀን የሕክምና መድኅን ድርጅቱ ሰዓት ላከለት። እርምጃ የምትቆጥር፣ የልብ ምት የምታዳምጥ፣ የት እንደዋሉ በካርታ የምትሥል ጥቁር ሰዓት። በቀን አሥር ሺህ እርምጃ የሄደ ሰው ነጥብ ያገኛል። ነጥብ የሰበሰበ የአውሮፕላን ትኬት በግማሽ ዋጋ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ «ጤናማው አባላችን» የሚል ከነፎቶው በመስታወት የገባ ወረቀት። ሰውዬው ትኬቱን አልፈለገም፤ ሐሰት አልናገርም። ወረቀቷን ነው የፈለጋት። የምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ልክ በሽተኛ በሚቀመጥበት ትይዩ፣ አንዲት ምስማር ባዶዋን ቆማ ስታየው ኖራለች።

መጀመሪያ በገዛ እግሩ ሞከረው። ይኸንንም አልክድበትም፣ ሦስት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ከዳውና የመብራት ምሰሶ አቅፎ ቆመ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሴቶች አዩት። አንዷ እንዲያውም አዝና ውሃ ሰጠችው። ውሃውን እየጠጣ ምን እንዳሰበ ያውቃሉ? ነገ እነዚህ ሴቶች ወደ እኔ መጥተው ስኳር ተዉ ስላቸው የሚያዩት እኔን አይደለም፣ ምሰሶውን ነው አለ በሆዱ። ኩሩ ሰው ነው። ጉልበቱ ቢደክምም ኩራቱ አልደከመም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሰውዬው ይቺን ተረት ሲያመነዥግ ሰነበተና አንድ ነገር ታየው። እንቁላሉ ለምን በእግሩ ይሄዳል? እግር ያለው ሰው ጠፍቶ ነው?

ከዚያው ከማዶ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ማን እንደሆነ ይጠፋኛል። አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ፍጥረት ነው። ከትምህርት ቤት ያስወጣው ጭንቅላቱ ሳይሆን እግሩ ነው ይላሉ፤ ወንበር ያቃጥለዋል። ምግብ ሠርቶ ይሸጣል፣ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ምን አገባን። ሳይነጋ ሁለት ጆንያ ድንች ይልጣል፣ ቀን የታዘዘውን ቤት ለቤት በእግሩ ያደርሳል፣ አመሻሹ ላይ ኳስ ሜዳ አይጠፋም። ሰውዬው ይኸን ጎረምሳ ሲያይ ዓይኑ በራ። ሐኪም አይደል? መድኃኒቱን ከሩቅ ለየው። ... ሐኪም አልኩ እንዴ? መካሪ ማለቴ ነው።

ተዋዋሉ። ጎረምሳው ሰዓቷን ከንጋት እስከ ማታ ያስራታል፣ የባለቤቷንም ስም ላይጠራ ይምላል። ሰውዬው በበኩሉ ሲመክር የጎረምሳውን ቤት በክፉ አያነሳም። በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ በሰው እግር ጤናውን የለካ ግን እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። የስፖርት ልብሱን ይለብሳል። ጫማው አቧራ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፣ እንደ ወተት ነው። ሚስቱ ጨዋ ሴት ናት፣ በርታ ትለዋለች። ግድቡ ድረስ በመኪና ሄጄ ከዚያ እሮጣለሁ ብሏታል። ቀን ሰዓቷ ከእጁ ላይ ብትጠፋባት ደግሞ እጄን በየደቂቃው ስለምታጠብ አላስራትም ይላታል። ለሁሉ መልስ አለው፤ የተማረ ነው አልኩዎት እኮ። መንገድ ዳር ይቆምና በመስኮት ሰዓቷን ይሰጣል፣ በመስኮት በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ይቀበላል። ምን እንደሆነ ሽታው ይናገራል እንጂ እኔ አልናገርም። ድርብ ቋሊማ፣ ድርብ አይብ፣ አቻሩ ዳቦውን እስኪያርስ... ይባላል።

ግድቡ ዳር ሲደርስ መኪናዋን ወደ ውሃው ያዞራል። ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ጋዜጣውን ሆዱ ላይ ይዘረጋል፣ ስልኩን መሪው ላይ ያቆማል። ዜና ሊያይ መስሎዎት? ያቺ ከረሜላ በመልክ በመልኩ እየደረደሩ የሚያፈነዱባት፣ ሕፃናት የሚጣሉባት ጨዋታ አለች አይደል? አንድ ሺህ ሦስት መቶኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። ስኳር መርዝ ነው ያለ ሰው ከረሜላ ሲደረድር፣ ስክሪን እግር ያስተኛል ያለ ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ ፀሐይ ትወጣለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የዚህ ሰውዬ እውነት ግን የምትደበቀው ንጋት ላይ ነው።

እኔ አልፈርድበትም ማዱቤ። ቀኑን ሙሉ ሲመክር የሚውል ሰው፣ በቀን አንዲት ሰዓት ከራሱ ምክር ቢያርፍ ምን ይባላል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ሲመክር ያልበላማ እንዴት አድርጎ ይቆጨው ይሆን?

ጎረምሳው ደግሞ ድንቹን የሚልጠው በእህቱ ጓሮ ነው። ጓሮ ማለትም ይከብዳል፤ ከግድግዳው እስከ ቧንቧው ስድስት እርምጃ ነው። ሰዓቷ አሥር ሺህ ትላለች፣ ድንቹ ሁለት ጆንያ ይላል። ምን ያድርግ? ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ከፈተ፣ ቢላዋውን ያዘ፣ እየላጠ ይጨፍር ጀመር። ከግድግዳ ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧ ወደ ግድግዳ። ልቡ መቶ አርባ ሲመታ ሰዓቷ ሁሉንም ጻፈች። ሰዓት የዋህ ናት፤ እርምጃ ትቆጥራለች እንጂ እግሩ የማን ነው ብላ አትጠይቅም። እህቱማ በዚያን ጊዜ ቤት የለችም። ለጽዳት ሥራ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ታክሲ ትይዛለች፣ ወረፋ አስከባሪው ሳይቀር ያውቃታል። የሰዓቷን ወሬ የሰማችው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ... ከማዶ እንግዲህ።

ድርጅቱ በደስታ አበደ። ሰውዬው ወረቀቷን አገኘ፣ ምስማሯ ላይ ሰቀላት። ወረቀቷ ላይ ምን ብለው እንደጻፉለት ይገምቱ። «ልብዎ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ልብ ነው»። ሐሰት አለው? ልቡ እኮ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ልብ ነው። እኔም ባለፈው ወር ሃያ ሁለት ሞላኝ... ነገሩ አይገናኝም፣ ትዝ ብሎኝ ነው።

አንድ ማታ እራት ቀረበ። ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይግባ የሚለውን ሕግ በዚያ ቤት ያወጣው እሱ፣ ቅርጫቱንም የገዛው እሱ ነው። ስልኩን በገዛ እጁ አኖረና ሊታጠብ ገባ። ያን ጊዜ ስልኩ ቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ በራ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ የዛሬው ግብዎ ተሳክቷል የሚል መልእክት ነው። ሚስቱ ደስ ብሏት ከፈተችው። የንጋቱ ሩጫ ካርታ አለ ከሥሩ። ካርታው ላይ ግን የሯጭ መንገድ የለም፤ የተወሳሰበ የሱፍ ክር የመሰለ ቀይ መስመር አንዲት ቦታ ላይ ተከምሯል። ቦታዋ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጓሮ ናት። አሥር ሺህ እርምጃ፣ በአንድ ጓሮ፣ ሳይነጋ፣ ልብ መቶ አርባ... ምስኪን ሴት ምን ታስብ? እኔም ብሆን የማስበው እሱኑ ነው።

ብልህ ናት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሰዓቷ የምታወራው ሁሉ በራሷም ስልክ እንዲደርሳት አደረገች። ሦስት ቀን አይታ ጠየቀችው።

ይኸ ሰውዬ ያን ሌሊት ጣሪያ ጣሪያ እያየ አደረ ይላሉ። ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፣ እኔ እዚያ ጓሮ ረግጬ አላውቅም፣ ግድቡ ዳር ኮታ እየበላሁ ከረሜላ ሳፈነዳ ነበር፣ የሄደልኝ ሌላ ሰው ነው ማለት። ሁለተኛው ዝም ማለት። ሲያገላብጠው አደረ። ወንድ ልጅ ሴት ጋ ሄደ ቢባል ሰፈሩ ሳምንት አውርቶ ይረሳዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ በሆዱ ጎሽ ይለዋል። ኮታ ጋ ሄደ ቢባል ግን ማን ምክሩን ይሰማዋል? ያቺ ወረቀትስ ከግድግዳው ትወርድ የለ? ሴትዮዋ... ሴትዮዋ እንግዲህ ባሏን እንኳ ቀብራ ችላለች፣ ይኸንንም ትችለዋለች አለ መሰለኝ።

ዝም አለ።

እኔ በዚህ ነው ሰውዬውን የማደንቀው። እንዲህ ሆዱ ሰፊ ነው። ሚስቱ ተነስታ የዚያችን ሴት ክብር ልግፈፍ ስትል እንኳ አልተናገረም። እንዲያውም ራሱ እየነዳ አደረሳት ይላሉ። ... መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ይጠብቃታል አሉ።

ምን አዩ? ... ይቺን ሰዓት ነው የሚያዩት? ቆንጆ ናት አይደል? አዎ፣ ጥቁር ናት። ስንት ጥቁር ሰዓት አለ በዓለም።

ስልክዎን ለምን ያወጡታል? ጨዋታ ነው አልኩ እኮ። ... እሺ፣ ካወጡትማ አንድ ነገር እንሞክር፣ ለሳቅ ያህል። ባለቤትዎን ይዩዋቸው፤ ቁጭ እንዳሉ ናቸው፣ አልተነቃነቁም። እኔ ደግሞ ሁለተኛው ድንች እስኪበስል እግሬን ላፍታታ። እንዲህ ከመጥበሻው እስከ በሩ... ከበሩ እስከ መጥበሻው... ይቅርታ፣ ወንበርዎን ነካሁት? ስንት ይላል? ... መቶ ሃያ ስምንት? ... እየጨመረ? ጉድ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ልቡ ይመታል? እርስዎን እያሰቡ ይሆናል። ካርታውስ የት ናቸው ይላል? ... ኮታ ቤት ውስጥ። እንግዲህ ካርታም ይሳሳታል።

... ውሃ ልስጥዎት ማዱቤ?

ቀስ ይበሉ፣ ቀስ ይበሉ። እኔ ስለ ማንም አልተናገርኩም። ስለ ማዶ ነው ያወራሁት። ... ታዲያ ለኖማሶንቶ ምን ልበላት? እርስዎ ሳይልኩባት ወሬው ደርሷት ጃኬቷን አጥባለች፤ ትናንት ማታ እያለቀሰች ነው ያጠበችው፣ በብርዱ ገና አልደረቀም። ... ለብሳ ትምጣ። ... እርጥብም ቢሆን ለብሳ። ... ከፊት ወንበር፣ ከጎንዎ። ሰምቻለሁ። ግን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፤ ከዘይቱ ጩኸት የተነሳ ጆሮዬን አላምነውም።

... እግዜር ይስጥልኝ። ጭሱ ነው ዓይኔን የሚያስለቅሰኝ፣ ሌላ አይደለም።

ከነገ ንጋት ጀምሮ ደግሞ እርስዎም አብረው ሊሄዱ ነው? ከቤት ተነስቶ ግድቡ ድረስ? በእግር? ... መኪናዋም ከግቢ አትወጣም። ደግሞስ ቁርስ? ... ጎመንና ውሃ። ኧረ እንዴት ያለች ሚስት ናት የሰጣቸው።

ይምጡ ልሸኝዎት። ደፉ ላይ ይጠንቀቁ። ... ይኸውና፣ መስታወቱም ወርዷል። ከመቼ ጀምሮ ነው የወረደው? እንኳንም ነፋስ ገባላቸው።

እንደምን ዋሉ ባባ። ከማዱቤ ጋር ስለ ሩቅ ሰው ስናወራ ቆየንብዎት። ስምም አልተጠራ፣ መሐላም አልፈረሰ። ይቺን ሰዓት ግን እንኩ፤ አንድ ሰው ጥሏት ሄዷል፣ እርስዎ ብዙ ሰው ያውቃሉና ለባለቤቷ ያድርሱልኝ። አደራ። ... አይ፣ ዛሬ በጋዜጣ የምጠቀልለው ነገር የለኝም ባባ፣ አልቋል።

እርስዎ ለዚህ ሰፈር ስንት ምክር ሰጡ። እኛ ድሆች ከምርቃት ሌላ የምንመልሰው የለንም። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። ከክፉ ዓይን ይሰውርዎት። እግዜር እንደ ምክርዎ ያኑርዎት፣ ባባ።